ሽርጥ የነካው ራስ

ሱዳርሚ አንገቷን መታመም የጀመረችው ዛሬ አይደለም። ባሊ ደሴት ውስጥ ለእንግዳ የሚሠራ ቪላ ሁሉ መጀመሪያ በሴት አናት ላይ ነው የሚያልፈው፤ አሸዋው፣ ጡቡ፣ ሲሚንቶው። እሷም ከሠርጓ ማግስት ጀምሮ ያልተሸከመችው የለም። ሕመሙ ብቻውን ቢሆን ዝም ብላ በኖረች፤ በሰፈሩ አንገቷን የማያማት ሴት ማን አለች? ያስደነገጣት የቀኝ እጇ ጣቶች መደንዘዝ ነው። ለመባ የምትሰፋው የኮኮናት ቅጠል ሳይታወቃት ከጣቶቿ መሃል ሾልኮ ይወድቅ ጀመር።

የጤና ጣቢያዋ ፊዚዮቴራፒስት ሬትኖ የምትባል ከጎረቤት ደሴት ከጃቫ የመጣች ልጅ እግር ናት።

«እትዬ፣ የእርስዎ መድኃኒት እንቅስቃሴ ነው» አለቻት። «አገጭዎን ወደ ኋላ ሰብሰብ። እንደሱ! ግንባርዎን ወደ መዳፍዎ ይግፉ፤ መዳፍዎ ደግሞ እምቢ ይበል። ይህን ላስቲክ ከራስዎ ኋላ አዙረው በሁለት እጅ ወደ ፊት ይሳቡት፤ ራስዎ ግን አይከተለው።»

«ይኸው ነው?»

«አንድ ነገር አለ። ሁለት ወር ሙሉ አናትዎ ላይ ምንም እንዳይወጣ። ከወጣ ጣቶቹ ላይመለሱ ይችላሉ።»

ሱዳርሚ የቪላውን ሥራ ተወች። ባሏ አርዳና ጥቂት ቀን አጉረመረመና ደከመው። ከጓዳው ጀርባ ተደብቃ ግንባሯን ከመዳፏ ጋር ስታታግል ያያት ሰው አበደች ይላል፤ እሷ ግን አንድ ጠዋት የሩዝ ፍሬ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ሲሽከረከር ተሰማት። በደስታ አለቀሰች። ለካ ጣትም ይናፍቃል።

ደስታዋን የሚያበላሽ አንድ ነገር ነበር፤ ሁለቱ ወር ሳይሞላ የሰፈሩ ቤተ መቅደስ ክብረ በዓል ደርሷል። በዚያ ቀን እያንዳንዱ ቤት በሴቲቱ አናት ላይ ቁመቱ ክንድ የሚያልፍ የፍራፍሬ ቁልል ለመባ ይልካል። የእነሱን ቤት ቁልል አማቷ ሜሜ ሩንቱ፣ እማማ ሩንቱ እንደማለት ነው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲሸከሙ ኖረው፣ ሱዳርሚ ስታገባ አስረክበዋታል። አሁን ምን ብላ እምቢ ትበል? አንገቴን አመመኝ? አማቷ ይስቁባታል። ጎንበስ ብለው የሚሄዱትን እኚህን ሴት «አንገቴን» ሲሉ የሰማቸው የለም። ስለዚህ ለዚያች ቀን እንዲበቃት አንገቷን በድብቅ ማጠንከሩን ቀጠለች።

በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ላስቲኩ ጠፋ።

«ብሊ፣ ላስቲኬን አይተሃል?» ብላ ባሏን ጠየቀችው፤ ‹ብሊ› ሚስት ባሏን የምትጠራበት ነው።

«ቀዩን? የአውራ ዶሮዬን ቅርጫት ሞተሩ ላይ አስሬበታለሁ። ምን ዓይነት ግሩም ገመድ ነው ባክሽ!»

«የአንገቴ መድኃኒት እኮ ነው!»

«ዶሮዬ የዛሬውን የዶሮ ፍልሚያ ያሸንፍ እንጂ ለአንገትሽ ወርቅ ነው የምገዛልሽ» አለና ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ዶሮው እንኳ ከቅርጫቱ ውስጥ አንገቱን አስግጎ አያት።

ሱዳርሚ ዙሪያዋን ስትቃኝ ዝቅ ካለው ገመድ ላይ የተሰጣ የገዛ ሽርጧ እጇ ገባ። ሬትኖ ላስቲክ ከሌለ ማንኛውም ጨርቅ ይሆናል ብላታለች፤ ሬትኖ ደግሞ የጃቫ ልጅ ናት፤ የባሊን ወግ ምን ታውቃለች? ሱዳርሚ ግን ታውቃለች። ራስ ቅዱስ፣ የወገብ ጨርቅ ግን ርኩስ ነውና፣ ሽርጥ ዝቅ ካለ ገመድ ላይ የሚሰጣው ማንም ሰው ከሥሩ እንዳያልፍ መሆኑን ከጡት ጋር ነው የጠጣችው። በዚያች ሰዓት ግን ልቧ ሁሉ ጣቶቿ ላይ ነበር። ሽርጡን ጠቅልላ ከራሷ ኋላ አዞረችና ሳበች።

«ሱዳርሚ!»

ሜሜ ሩንቱ የዶሮ ጥሬ ይዘው ቆመዋል። ጥሬው ከእጃቸው ፈሰሰ።

«አናትሽ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ሱዳርሚ ያኔ ነው ያየችው። ሽርጡን እንደ እባብ ወረወረችው።

«ወገብሽን ያሰርሽበትን ጨርቅ? በራስሽ ላይ? በዚህ አናት ነው ለአማልክት መባ የምትሸከሚው?»

«ሜሜ፣ ረስቼው ነው፤ በሞቴ ረስቼው ነው! ካህኑን እንጥራና ጠበል ይርጩኝ።»

«ካህኑን? ካህኑ ከመጡ ሚስታቸው ትሰማለች። እሷ ሰማች ማለት ገበያው ሰማ ማለት ነው። ‹የሩንቱ ምራት ሽርጥ ጠመጠመች› እየተባለ የልጅ ልጆቼ ይሰደቡ?» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ እሸከመዋለሁ። አንቺ አፍሽን ዝጊ፤ ለባልሽም ቢሆን።»

«አይችሉትም፣ ሜሜ!»

«አንቺ እናትሽ ሆድ ሳትገቢ ስሸከም የኖርኩ እኮ ነኝ። ሂጂ፣ ጥሬውን ልቀሚ።»

ሱዳርሚ ተንበርክካ ለቀመች። እፍረቱ ፊቷን ያቃጥላታል፤ ከእፍረቱ ሥር ደግሞ «ተረፍኩ» የሚል ነገር ነበር። ለዚያ ነገር ራሷን ጠላች። ማታ አርዳናን «እናትህን ይተዉ በላቸው» ብላ ለመነችው። ምክንያቱን ስላላወጣችለት እሱ «እናቴን ማን ይተዉ ብሏቸው ያውቃል?» ብሎ ዶሮውን ማሸት ቀጠለ፤ ግጥሚያውን ተሸንፎ ነው የመጣው።

በበዓሉ ቀን ጎረቤቶች ቁልሉን አንስተው ሜሜ ሩንቱ አናት ላይ አደላደሉት፤ ፖም፣ ብርቱካን፣ የሩዝ ቂጣ፣ ከጫፉ የተጠበሰ ዳክዬ። «ምራትሽስ?» ብለው ሲጠይቁ «ዛሬ አልቻለችም» አሉ አሮጊቷ። ሴቶቹ የወር አበባ መስሏቸው ሌላ አልጠየቁም። በወር አበባ ላይ ላለች ሴት የቤተ መቅደሱ በር ዝግ ነውና ሱዳርሚ ከደጅ ልትቀር ተገደደች። እስከ በሩ ድረስ ግን ከኋላ ከኋላ ተከተለች።

መንገዱ ዳገት ነው። ከድልድዩ ሲያልፉ የአሮጊቷ አገጭ ወደ ፊት መውጣት ጀመረ። ሱዳርሚ ይህን ታውቀዋለች፤ አንገት ሲያልቅበት እንዲህ ነው የሚያደርገው።

«ሜሜ፣ አገጭዎን ወደ ኋላ ሰብሰብ ያድርጉ» አለች በሹክሹክታ።

«ደግሞ አስተማሪ ሆንሽብኝ?» ብለው ሳቁ።

ቀጥሎ ሳቁም ቃሉም ቀረ። የአንገታቸው ጅማት ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ይታያል። ሴቶቹ ሁሉ የየራሳቸውን ቁልል ተሸክመዋል። በዚያ ሁሉ ሰልፍ ውስጥ ባዶ የነበረው የሱዳርሚ አናት ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የተከለከለው አናት ነው። ሁለት ጊዜ እጇን ዘረጋች፤ ሁለቱንም ጊዜ መለሰችው።

ደረሱ። አልወደቁም። ቁልሉ ሲወርድላቸው ጎረቤቶቹ «ጎበዝ ሩንቱ!» አሏቸው። ሱዳርሚ ከበሩ ውጭ ቆማ ትመለከታለች። ለጸሎት ሁሉም አበባቸውን በጣቶቻቸው ጫፍ ይዘው እጃቸውን ከግንባራቸው በላይ አነሡ። የሜሜ ሩንቱ እጅ ከደረታቸው አላለፈም፤ አበባውም ወደቀ። የወደቀ አበባ ስለማይነሣ ሌላ ወሰዱ። እሱም ወደቀ። አሮጊቷ ጣቶቻቸውን የሌላ ሰው እንደሆኑ ሁሉ አፍጥጠው አዩአቸው።

ሱዳርሚ ከደጅ ሆና አፏን በእጇ ያዘች።

የከተማው ሐኪም ራጅ አነሳቸውና የአንገታቸው ነርቭ ለዓመታት ሲጨፈለቅ መኖሩን ነገራቸው፤ በዚህ ዕድሜ ቀዶ ሕክምና አላደርግላቸውም አለ። ሬትኖም መረመረቻቸውና «እንሞክር» አለች። ይህ ቃል ከሐኪም አፍ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም።

የገዛ መዳፋቸውን ወደ ግንባራቸው ማንሳት ስለማይችሉ የሌላ ሰው መዳፍ ያስፈልጋል። አርዳና የእናቱን ራስ መንካት አልሆነለትም፤ ወጥቶ ከዶሮው ጋር ተቀመጠ።

«ነይ አንቺ» አሉ ሜሜ ሩንቱ።

«አናትዎን ልንካ? እኔ?»

«ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

ሱዳርሚ ይቅርታ ጠይቃ መዳፏን ከአማቷ ግንባር ላይ አሳረፈች። ጣቶቿ ድነዋል፤ ሁሉ ነገር ይሰማታል። የቆዳው ሙቀት፣ የፊታቸው መጨማደድ፣ የደም ሥራቸው ምት።

«አሁን ወደ መዳፌ ይግፉ፣ ሜሜ።»

ጠበቀች። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ጥርሳቸውን ነክሰዋል።

«አይፍሩ፣ ይግፉ እንጂ።»

«እየገፋሁ እኮ ነው» አሉ።