ቀጭኗ ወጥ ሠሪ

ወለተ ኢየሱስ ቡሬ ላይ በወይዘሮ ዓባይነሽ ሆቴል ወጥ ሠሪ ነበረች። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። በርበሬና እህል ሊጭኑ የሚመጡ የትሬንታ ኳትሮ ጭነት መኪና ሾፌሮች ሌላ ምግብ ቤት አልፈው እዚያ በር ላይ ይቆሙ የነበረው ለእሷ ወጥ ብለው ነው። እጇ ግሩም ነበር፤ ሰውነቷ ግን የወጥ ሠሪ አይመስልም። ክንዷ ከማማሰያ እጀታ አይበልጥም። መቀነቷን ዞራ ዞራ አስራው እንኳ ይላላል።

ሾፌሮቹ የመሰላቸውን ይናገሩ ነበር። ኮሶ ይዟት ነው ያለ አለ፤ ከሲታ ዘር ናት ያለ አለ። አንድ ቀን ደረሰ የሚባል የደብረ ማርቆስ ሾፌር እጁን እየታጠበ፣ ባለቤቲቱ እየሰማች፣ «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይላሉ። እዚህ ቤት ገሉም ያለ አይመስለኝ» አለ።

ዓባይነሽ ፎጣ አቀበለችው። ጓዳ ስትገባ ግን ነገሩ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። እሷ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ሰው አስርባ አታውቅም። ከቤቷ ሰው ማንም ቢሆን እንዳሻው ቆርሶ ይበላል።

ከዚያ ወዲያ ወጥ ሠሪዋን በዓይኗ ትከተላት ጀመር። ወለተ ኢየሱስ ጎህ ሲቀድ ተነሥታ ሽንኩርት ታቁላላለች። ወጡ ሲንተከተክ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትልሳለች፤ ጨው ትጨምርና ደግሞ ትልሳለች። ቀትር ላይ እንግዳው ሲጎርፍ ከእሳቱ ወደ መሶቡ፣ ከመሶቡ ወደ እሳቱ ስትል ትውላለች። ሁሉም ሲያልቅ ድስቷን አጥባ ደጃፍ ትቀመጥና አንድ ጣሳ ውሃ ትጠጣለች። ዓባይነሽ የዶሮ ፈረሰኛ ለይታ ብታስቀምጥላት ለጎረቤት አሮጊት ሰጥታው አገኘቻት።

«ምነው አትበይም?» አለቻት።

«እበላለሁ እንጂ፣ እትየ። ስቀምስ አይደል የምውለው?»

«መቅመስ መብላት ሆነና?»

ወለተ ኢየሱስ ፈገግ አለች። «ሽታውስ ቢሆን። ከጧት ጀምሮ አፍንጫዬ ሲበላ ይውላል። ለሆዴ ተራው ሲደርሰው ምግብ ማየት አይሻም።»

ዓባይነሽ አልተዋጠላትም። ታናሽ እህቷ እንዲሁ «ደህና ነኝ» እያለች መንምና መንምና፣ የሳምባ በሽታ መሆኑ ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ስለዚህ በማግስቱ ሆቴሉን ዘጋችና ወጥ ሠሪዋን ይዛ በአውቶብስ ፍኖተ ሰላም ሄደች።

እዚያ ሐኪም ቤት ክንፈሚካኤል የሚባል ድሬሰር ደረቷንም ጀርባዋንም አዳመጠ፤ አክታዋንም ሌላውንም አስመረመረ። ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ለዓባይነሽ፣ «አይስጉ፣ እናቴ። በሽታ የለባትም» አላት። ዓባይነሽ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ወለተ ኢየሱስ ይህን ስታይ ግራ ገባት። እሷን ብሎ የሚያለቅስ ሰው ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም ነበር።

አውቶብሱ ስላመለጣቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደሚገኘው ወደ ዓባይነሽ አክስት፣ ወደ እማሆይ አስካለ ማርያም ቤት ሄደው አደሩ። እማሆይ ሽሮ ሠርተው አቀረቡ። ወለተ ኢየሱስ ልታግዝ ብድግ ስትል፣ «ቁጭ በይ። እዚህ ቤት እንግዳ ነሽ» አሏትና የመጀመሪያውን ጉርሻ እሷን አጎረሱ።

ወጡ ቀጠን ያለ ነበር፤ ጨውም አንሶታል። ወለተ ኢየሱስ ግን በላች። የፊት የፊቷን ጠርጋ እንጀራ ተጨመረላት፤ ያንንም በላች። ዓባይነሽ እጇን ሰብስባ ታያት ነበር።

«ከእኔ ቤት ወጥ ይህ ጣፈጠሽ?» አለቻት በኋላ፣ መደቡ ላይ ጎን ለጎን ጋደም ሲሉ።

«ጨው የለውም እኮ» አለች ወለተ ኢየሱስ፣ እማሆይ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ወደ እሷ ዞር ብላ ደግሞ፣ «ግን እኔ አልሠራሁትም። ሰው ሠርቶ ቁጭ በይ አለኝ» አለች። «ባሌ ኃይለ ሚካኤል በሕይወት ሳለ ከአንድ ገበታ ነበር የምንበላው። እሱ ካልጎረሰ አልጎርስም። ካረፈ ወዲህ ለሰው ስሠራ ደስ ይለኛል፤ ለራሴ ልቁረስ ስል ግን እጄ ይከብደኛል፣ እትየ።»

ዓባይነሽም ብትሆን ባለ ሆቴል ከሆነች ወዲህ ጓዳ ገብታ፣ በሩን መለስ አድርጋ ብቻዋን ነው የምትበላው። አንዷን ብቸኝነት አመነመናት፤ ሌላይቱ ብቸኝነቷን በእንጀራ ሸፈነችው። ጨለማው ውስጥ እጇን ዘርግታ የወለተ ኢየሱስን ቀጭን ክንድ ያዘችና እንደያዘችው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ቡሬ በተመለሱ ማግስት ዓባይነሽ ወጥ ቤት ገባች። «ዛሬ የእኔና የአንቺን ምሳ እኔ ነኝ የምሠራው» አለች። ሽንኩርቱን አሳረረችው። ወለተ ኢየሱስ ማማሰያውን ልትቀበላት እጇ እየቃጣ እንደምንም ቻለችው። እንግዳ ሳይመጣ አንድ መሶብ ከበው፣ እመቤትና ወጥ ሠሪ ተጎራርሰው በሉ። ይህን ያየ የሰፈር ሰው «ዓባይነሽ ክብሯን ጣለች» ብሎ አማ። እሷ ግን ሐሜቱን ሰምታ እንዳልሰማች አለፈችው። ቀድሞ የደረሰ ሾፌር ቢኖርም፣ «ጠብቅ፣ ምሳ ላይ ነን» ይባላል፤ ይጠብቃል።

ወለተ ኢየሱስ ከዚያም ወዲያ አልሰባችም። ተፈጥሮዋ ቀጭን ነበር፤ ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር የምትቆም፣ ከመዳፏ የምትልስ ሴት ከየት አምጥታ ትወፍራለች? ጉንጯ ግን ሞላ አለ፤ አመሻሽ ላይ ድስት ስታጥብ ማንጎራጎር ጀመረች። ዓባይነሽም ወጥ መሥራቱን ቀስ በቀስ ለመደችው። አንድ ቀን ወለተ ኢየሱስ ጎርሳ፣ አላምጣ፣ «እትየ፣ ዛሬስ ቁሌቱ ደረሰ» አለቻት። ዓባይነሽ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።