አንድ ለአሥር

ታናሽ ወንድሜ ዳምጠው ከነላንድክሩዘሩ ገደል ገብቶ ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ ሞተሩን አላጠፋም። በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ ያልገረመው ሰው አልነበረም። በኋላ ያን ዕለት ጠዋት ነዳጅ አስሞልቶ መነሣቱን የሚያስታውስ ሰው ተገኘ፤ ከዚያ ወዲህ መገረሙ ቀረ።

ገደሉ ቆቅ ውሃ ይባላል። ከከተማችን በላይ፣ መንገዱ ወደ ደጋው ሲታጠፍ በስተቀኝ ነው። አፋፉ ላይ ቆሞ በሩቅ ማያ መነጽር ላየ ሰው መኪናው ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። በሁለት ድንጋዮች መሃል በአራት ጎማው ቆሟል፣ ኮፈኑ ተጨራምቷል፣ የግራ በሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጭስ ማውጫው ይጨሳል። ለማውጣት ያልሞከርነው የለም። መቶ ሜትር ገመድ ይዘን ሄድን፤ አሥር ሜትር አጠረ። ሁለት መቶ ሜትር ይዘን ሄድን፤ እሱም አሥር ሜትር አጠረ። በቆላው በኩል ዞረው ከሥር የገቡት ደግሞ የሞተሩን ድምፅ ከበላያቸው ሰምተው ተመለሱ።

በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሚስቱ እታገኝ አፋፉ ላይ ትቆምና "ዳምጤ፣ ደኅና ዋልክ?" ትለዋለች። እሱም ክላክሱን ሦስት ጊዜ ይነፋል። በዚህ ምክንያት እድራችን ድንኳን አልተከለም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት ክላክስ ለሚነፋ ሰው ለቅሶ አይቀመጡም አሉ፤ ሦስት ማታ ተከታትሎ ዝም ካለ ግን በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ይተከላል ብለው በቃለ ጉባኤ አስፈረሙን። ድንኳን ከተተከለለት በኋላ የተመለሰ ሰው በእድራችን ታሪክ የለም። እታገኝ ቀን ከሌት የምትፈራው ይህንኑ ነበር። እኔም እፈራ ነበር።

እኔ ባትላሜራ ነኝ። የተጋጨ መኪና ቀጥቅጬ ወደ መልኩ እመልሳለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ጉድጓዱን በስቱኮ ደፍድፎ ቀለም የሚቀባበትን ሰው እንደ ባለሙያ አልቆጥረውም። ደንበኛ ወንበሩ ተቀዷል፣ መስታወት ማውረጃው አይሠራም ሲለኝ "የውስጡ ሥራ የኔ አይደለም" እለዋለሁ። ዳምጠው በዚህ ይስቅብኝ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት "ጋሼ መልክ እንጂ ሆድ አያውቅም" ይላል።

ባለፈው ጥር ቀለም ልገዛ አዲስ አበባ ሄጄ፣ መርካቶ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ በሪሞት የምትነዳ ትንሽ መኪና አየሁ። ሻጩ በድንጋይ ክምር ላይ ያወጣታል። አትሮጥም። ጎማዎቿን አንድ በአንድ እያነሣች፣ ድንጋዩን እየዳሰሰች፣ ጉልበቱን እንደሚያመው ሰው ቀስ ብላ ትወጣለች። ቀለሙን ትቼ እሷን ገዛሁ። ሐሳቤ የገመዱን ጫፍ አስይዤ ሰው ወደማይደርስበት አሥር ሜትር ልልካት ነበር።

የፕላስቲክ ልብሷ ገና በመጀመሪያው ቀን ድንጋይ ላይ ተሰነጠቀ። ስለዚህ የላሜራ ልብስ ልሠራላት ወሰንኩ። ሥራ ቦታዬ ግድግዳ ላይ የዳምጠው መኪና አሮጌ ፓራፋንጎ፣ ከጎማው በላይ ያለው ላሜራ፣ ተሰቅሎ ነበር፤ ገደል ከመግባቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ አዲስ ስቀይርለት ያስቀረሁት ነው። ከሱ እየቆረጥኩ የዳምጠውን መኪና በአንድ ለአሥር መጠን መሥራት ጀመርኩ። ከብሎን ራስ የጣት ያህል መዶሻ ሠራሁ። መጀመሪያ የጨረስኩት ኮፈኑን ነው።

በዚያው ዕለት እታገኝ ከአፋፉ ስትመለስ እኔ ዘንድ ገባች።

"ጋሼ፣ ኮፈኑ ተቃንቷል" አለች።

"የማን?"

"የዳምጤ።"

በማግስቱ መነጽር ይዤ ወጣሁ። እውነቷን ነው። ኮፈኑ እኔ እንደሠራሁት ሆኗል፤ በቀኝ ጠርዙ መዶሻዬ አምልጦኝ ያጎደጎድኩት ምልክት እንኳ ሳይቀር እዚያው አለ። እኔ ጠረጴዛ ላይ የምስር ፍሬ የምታክለው ጉድጓድ እዚያ ጡጫ ታስገባለች። አፈርኩ። ቤት ገብቼ አስተካከልኳት።

ከዚያ በኋላ ገመድ አላስፈለገም። ትንሿን ጨርሼ ዳገት ካወጣኋት ትልቁም ይወጣል፤ ይህን ለመረዳት ትምህርት አይጠይቅም። ሁለት ወር ሌላ ሥራ አልተቀበልኩም። ጣሪያውን በአሸዋ ከረጢት ላይ ቀጠቀጥኩ። ፓራፋንጎዎቹን አራት ጊዜ ሠርቼ ሦስት ጊዜ ጣልኩ። በሮቹን ለየብቻ ቆርጦ ማጠፊያ መግጠም በዚያ መጠን እጅ አይገባም፤ ስለዚህ ጎንና ጎኑን ከወጥ ላሜራ አወጣሁና የበሩን መስመር በሹል ብረት ጫርኩበት። እጀታውን በየድኩት። ከውጭ ላየው በር ነው። መስታወቱም ውስጥ ያለው ባትሪና ሽቦ እንዳያስጠላ ጥቁር የተቀባ ላሜራ ሆነ። እታገኝ በየቀኑ በመነጽር እያየች መጥታ ትነግረኛለች። ዛሬ ጣሪያው ቀና፣ ዛሬ ጎኑ ቀና። ሁለት ዓመት ከሰባት ወር ሙሉ ስትስቅ ያየኋት በዚያ ሰሞን ብቻ ነው።

ልብሱን ጎማና ባትሪው ባለበት ሻንሲ ላይ አስቀምጬ አራቱን ብሎን ያጠበቅኩት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ማታ ክላክሱ አልተሰማም።

እታገኝ ደክሞት ይሆናል አለች። ጋሽ ወልደሰንበት ግን አፋፉ ላይ ሰዓታቸውን አይተው "አንድ" አሉ። ሐሙስ ማታም አልተሰማም። "ሁለት" አሉና እንዳይከፋት ብለው ትከሻዋን ነክተዋት ወረዱ። የቀረን ዓርብ ነበር።

ግቢዬ ውስጥ ገደሉን በድንጋይ ሠርቼው ነበር። በመነጽሩ እያየሁ እያንዳንዱን ቋጥኝ በልኩ መርጬ አስቀምጫለሁ። ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እታገኝ አፋፉ ላይ፣ እኔ ከክምሩ ሥር ሪሞት ይዤ፣ ስልክ በጆሯችን ለጥፈን ጀመርን።

"ተነሣ?"

"ተነሣ። ቀስ በል።"

"በስተግራ ምን አለ?"

"ድንጋይ። አህያ የሚያህል።"

"እኔ ዘንድ ጡጫ ነው የሚያህለው። አልፈዋለሁ።"

አለፍኩት። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ባትሪው አለቀ። ቻርጅ እስኪሆን ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ መሃል ላይ መብራት ስለጠፋ የጎረቤት ጄኔሬተር ፍለጋ ሌላ አንድ ሰዓት ሄደ። ያን ሁሉ ጊዜ መኪናው የፊት ጎማዎቹን ድንጋይ ላይ አንተርሶ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። እታገኝ ስልኩን አልዘጋችም። ትንፋሿን እሰማ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መኪናው አስፋልት ነካ። በስልኩ ውስጥ እልልታ ሰማሁ። እኔ ከልጅነቴ ወዲህ አልቅሼ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን እንባዬ ሪሞቱ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። እታገኝ ከኋላው እየተከተለች መታጠፊያውን ትነግረኛለች፣ እኔ ትንሿን በግቢዬ አፈር ላይ እነዳለሁ፣ ትልቁ በከተማው መሃል ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከደጋ የሚመጣ አውቶቡስ ቆመን አሳለፍን። ከዚያ በእታገኝ በር ገብቶ፣ የእድሩ ሰዎች ቀድመው በተከሏቸው የድንኳን ምሰሶዎች መሃል ቆመ።

ሮጬ ደረስኩ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። አንድም የመዶሻ ምልክት የለበትም። ሰዉ ከቦት ነበር። እታገኝ የሹፌሩን በር እጀታ ይዛ ትስባለች፤ እጀታው ከላሜራው ጋር አንድ ነው። በበሩ መስመር ላይ ጣቷን አስኬደች። መስመሩ ጭረት ነበር፣ ጣት የሚያስገባ። ጥቁሩን መስታወት አንኳኳች፤ የብረት ድምፅ ሰጠ።

"ጋሼ፣ የሚከፈተው በየት ነው?"

የጫርኩትን መስመር በጣቴ ዳሰስኩ።

"ወንበርስ? ወንበር ሠርተህለታል?"

ሠላሳ አንድ ዓመት ለደንበኛ የምመልሰው ቃል አፌ ላይ መጣ። አልተናገርኩትም።

ቤት ተመልሼ የትንሿን አራት ብሎን ፈታሁና ልብሷን ከሻንሲው አነሣሁ። በእታገኝ ግቢም የመኪናው ልብስ ከሻንሲው ተነሥቶ፣ ሰው ጎንበስ ብሎ በሚያልፍበት ከፍታ አየር ላይ ቆመ። ጋሽ ወልደሰንበት ባርኔጣቸውን አውልቀው ሥሩ ገብተው አዩ። ያዩትን በስልክ ነገሩኝ። አልጋ የሚያህል ባትሪ፣ ክንድ የሚያህል ሽቦ። ወንበር የለም፣ መሪ የለም፣ ዳምጠው የለም። ልብሱን መልሼ ገጠምኩ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። "ሦስት" አሉ ጋሽ ወልደሰንበት፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። ሽማግሌዎቹ ተነጋገሩ። ሬሳ የለም፣ በሕይወት ያለ ሰውም የለም። ምሰሶው ግን ቀድሞ ስለተተከለ ሸራው በመኪናው ላይ ተዘረጋ፤ ወንበር የደረደረ አልነበረም።

ቅዳሜ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ በሹፌሩ በር ላሜራ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ የተገፉ ሦስት እብጠቶች ወጡ፣ እያንዳንዳቸው ጡጫ የሚያህሉ። ጠረጴዛዬ ላይ ባለችው ላይ ደግሞ ሦስት የምስር ፍሬ። እታገኝ መዳፏን ጭና "ደኅና ዋልክ?" አለችው። እሑድም ሦስት ወጡ። ሰኞም።

ቁረጠው ያሉኝ ነበሩ። ቆርጬ አየሁ፤ በቀዳዳው የታየው ባትሪው ነው። መልሼ በየድኩት። እኔ ስከፍተው የማገኘው እኔ ያስገባሁትን ብቻ ነው። እሱ ራሱ ከውስጥ ቀድዶ ቢወጣ ግን የሚወጣው እሱ ነው ብላ እታገኝ አሰበች። እኔም እንደሷ አሰብኩ። የተቀጠቀጠ ላሜራ ይሳሳል፣ የሳሳ ላሜራ ይቀደዳል፤ ይህ የእኔው ሙያ ነው። ብቻውን እንዳይደክም ብዬ፣ ማክሰኞ እሱ ከውስጥ ሦስት ጊዜ እንደመታ እኔ ትንሿን መዶሻ አንሥቼ እዚያው ላይ ከውጭ ሦስት ጊዜ መታሁ። በእታገኝ ግቢ ድምፁ ድንኳኑን አንቀጠቀጠው አሉ። ሰው ከሩቅ ሳይቀር ሰምቶ መጣ።

ረቡዕ እብጠቶቹ የወጡት እኔ ከመታሁበት አንድ ክንድ ወደ ኋላ ርቀው ነው። አዲስ ቦታ እያሳሳ ነው አልኩና እዚያም መታሁ። ሐሙስ ከኋላ በሩ ላይ ወጡ፣ አንሰው። ከጎኑ እንዳልጠፋ ያውቅ ዘንድ ጠንከር አድርጌ መታሁ። ዓርብ ከኋላ ጎማው በላይ ወጡ። በመዶሻው ገና አንድ ጊዜ እንደመታሁ እታገኝ ከበሩ ገባች። ሮጣ ነበር የመጣችው። መዶሻውን ከእጄ ወሰደችና ነጠላዋ ውስጥ ቋጥራ ወጣች።

ትናንት ማታ አልመታሁም። ጠረጴዛው አጠገብ ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። አሥራ ሁለት ሰዓት አለፈ። ከሩብ ሰዓት በኋላ፣ ከኋላ መብራቱ ሥር፣ ከእኔ እጅ እጅግ በራቀው ጥግ፣ ሦስቱ እርስ በርስ ተጠጋግተው የጤፍ ቅንጣት ያህል ሆነው ወጡ።