ዓይነት በዓይነቱ የተለዩት ኪቦርዶች

ጋሽ ዓይነቱ እውነተኛ ስማቸው ይህ አይደለም። እውነተኛው ስማቸው የደመወዝ ዝርዝር ላይ ብቻ የሚነበብ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የንብረት ክፍል ኃላፊ ሆነው በቆዩባቸው ሃያ ስድስት ዓመታት አንድም ቀን «ዓይነት በዓይነቱ!» ሳይሉ ውለው ስለማያውቁ ሰው ይህን ስም አወጣላቸው፤ እሳቸውም ሳያጉረመርሙ ተቀበሉት። መጥረጊያ ከመጥረጊያ፣ ወንበር ከወንበር፣ የወረቀት መብሻ ከወረቀት መብሻ ጋር ካልተቀመጠ ምሳ አይበላላቸውም።

ኮምፒውተር የገባ ጊዜ የሦስት ቀን ሥልጠና ወሰዱ። ከሦስቱ ቀን ልባቸው ላይ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዘው ዕቃ ሁሉ ነገር የሚያስገባና ነገር የሚያወጣ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ኪቦርድ፣ ማውስና ስካነር ያስገባሉ፤ ሞኒተር፣ ፕሪንተርና ፕሮጀክተር ያወጣሉ። ጋሽ ዓይነቱ በሕይወታቸው እንደዚህ ያለ የሚያምር ነገር ሰምተው አያውቁም። ማታ ቤታቸው ገብተው ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ ለባለቤታቸው አስረዱ።

«እና አንተ የትኛው ነህ?» አሉ ባለቤታቸው።

ጋሽ ዓይነቱ አሰብ አደረጉና «እኔማ ማስገቢያ ነኝ» አሉ።

«አውቃለሁ። አንተ ጋ የገባ ነገር መቼ ይወጣና!»

ሴትዮዋ የሚያወሩት ስለ ዕቃ እንዳልሆነ ጋሽ ዓይነቱ ገብቷቸዋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ከአራት ዓመት በፊት እናታቸው ያረፉ ሰሞን፣ እዚያው መሥሪያ ቤት ዕቅድ ክፍል የሚሠራው ታናሽ ወንድማቸው የእናቱን ፎቶ አትሞ ለዘመድ ለማደል አንድ ፕሪንተር ለአንድ ቀን ተዋሰ። በማግሥቱ ጋሽ ዓይነቱ ቆጠራ ሲያደርጉ የፕሪንተሩ ገመድ የለም። ወንድማቸው «ከነገመዱ ነው ያመጣሁት ጋሼ፣ በእናታችን!» ብሎ ማለ። እሳቸው ግን ለወንድሙ አዳላ እንዳይባሉ ፈርተው ለአስተዳደር ጻፉበት፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ፋይሉ ውስጥ ገባ። በሁለተኛው ሳምንት ገመዱን አገኙት። የት አይሉም? ከገመዶች መሳቢያ ውስጥ! ፕሪንተሩ የተመለሰ ዕለት በገዛ እጃቸው ነቅለው፣ ዓይነት በዓይነቱ ብለው፣ ከመሰሎቹ ጋር አስቀምጠውት ነበር።

ያን ጊዜ ሮጠው ሄደው «ጥፋቱ የኔ ነው» ቢሉ ነገሩ በአንድ ቀን ሳቅ ባለቀ። አልሄዱም። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ሲሉ ወሩ ዓመት ወለደ፤ ወንድማቸው ሰላምታውን አቆመ፣ እሳቸውም ደረጃ ላይ ሲያገኙት የጠፋባቸው ነገር ያለ ይመስል ኪሳቸውን መዳበስ ጀመሩ። ከባለቤታቸው በቀር ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ። ባለፈው ሳምንት አርባ ካርቶን ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ገባ። በየካርቶኑ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማውስ፣ አንዲት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል መሰኪያም አለች። መሰኪያዋ ኮምፒውተሩ ላይ ትሰካለች፤ ኪቦርዱና ማውሱ ያለ ገመድ በእሷ በኩል ያወራሉ። ጋሽ ዓይነቱ አርባውንም ካርቶን ከፍተው ኪቦርዱን ከኪቦርድ፣ ማውሱን ከማውስ ደረደሩ። አርባዎቹን መሰኪያዎች ደግሞ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ጨመሯቸው። ማስገቢያ ይባሉ ወይስ ማውጫ የሚለው ትንሽ አስጨነቃቸው፤ በመጨረሻ ክዳኑ ላይ «ልዩ ልዩ» ብለው ጻፉ። እያንዳንዷ መሰኪያ ከገዛ ኪቦርዷና ከገዛ ማውሷ በቀር ሌላ እንደማትሰማ መመሪያው ላይ በግልጽ ተጽፏል። መመሪያው ግን አርባውም ቅጂ «ወረቀት» የሚል መደርደሪያ ላይ ተደርድሯል።

ዓርብ ከሰዓት ለሠራተኛው ሁሉ አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ማውስና ከቆርቆሮው እጅ ያገኛት አንዲት መሰኪያ ታደለ። ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሕንፃው ታመሰ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የገዛ ስሟን ስትጽፍ ከመተላለፊያው ማዶ የሾፌሮች ስምሪት ላይ ስሟ ይወጣል። የሕግ ክፍሉ ሰውዬ ማውሱን ወደ ቀኝ በገፋ ቁጥር፣ ጎረቤቱ ኦዲተሩ ቀስቱ እየሸሸበት ጠረጴዛ ይደበድባል። አንዱ ሰይጣን ነው አለ፤ አንዷ ቫይረስ ነው አለች፤ ኦዲተሩ ሁለቱም ናቸው አለ። ርቀው የተቀመጡት ደግሞ ቢጽፉ ቢጽፉ የትም የሚታይ ነገር የለም። ረፋዱ ላይ ነገሩ ለሁሉም ተገለጠና ሰው በየመተላለፊያው «የኔ ጽሑፍ ማን ጋ ነው?» እያለ እንደ ጠፋ ልጅ ኪቦርዱን ይፈልግ ጀመር።

ጋሽ ዓይነቱ ቢሯቸውን ከውስጥ ቆልፈው ተቀምጠዋል። ስልኩ ይጮሃል፤ አያነሱም።  ኮምፒውተራቸው ላይ አንድ ባዶ ገጽ እንደተከፈተ ነው፤ እሳቸው የሚነኩት ኪቦርድ ግን ቢመቱት ቢመቱት አንድ ፊደል አያወጣበትም። ድንገት ማንም ሳይነካው ገጹ ላይ ፊደል ይለቀም ጀመር።

«ይህን የሚያነቡ ሰው ካሉ፣ ጤና ይስጥልኝ። ኪቦርዴ እርስዎ ጋ ሳይጽፍ አይቀርም። አንደኛ ፎቅ፣ ዕቅድ ክፍል ነኝ።»

ጋሽ ዓይነቱ ክው አሉ። ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ዕቅድ ክፍል ከራሳቸው በላይ ነው፤ ባልደረቦቹ ሁሉ መስክ ወጥተው በዚህ ሳምንት እዚያ የሚውለው አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ግን አንድ ውለታ ይዋሉልኝ። የዝውውር ማመልከቻ የሚቀበሉት ዛሬ እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ በእጅ የተጻፈ ደግሞ አይቀበሉም። እዚህ ልጽፈውና እርስዎ አትመው ለአስተዳደር ኃላፊዋ ይስጡልኝ። ስብሰባ አዳራሽ ናቸው። እኔም መጥቼ እዚያው እፈርማለሁ።»

ከዚያ ማመልከቻው ተከተለ። ጋሽ ዓይነቱ እያንዳንዷን ፊደል ስትወለድ አዩዋት።

«ለአስተዳደር ክፍል። ጉዳዩ፦ ወደ ሩቁ ቅርንጫፍ ለመዛወር ስለመጠየቅ። ምክንያት፦ ታላቅ ወንድሜ እዚህ ሕንፃ ውስጥ ይሠራል። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። አሁን ደረጃ ላይ ሲያገኘኝ ኪሱን እየዳበሰ ያልፋል። እኔ ማኩረፍ ሰለቸኝ። እዚያ ብሄድ ቢያንስ የማያናግረኝ ሩቅ ስለሆንኩ ነው እላለሁ።»

 ይህን ልጅ አዝለው ውኃ አሻግረውታል፤ ፊደል አስቆጥረውታል። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቷል። ወጥተው ደረጃውን ቢወጡ በሁለት ደቂቃ ይደርሳሉ፤ ግን ፊት ለፊት ቆመው ምን እንደሚሉት ሲያስቡት ከወንበራቸው ተነስተው መልሰው ተቀመጡ።

ያኔ ነው አንድ ሐሳብ የመጣላቸው፤ የንብረት ክፍል ሰው ብቻ ሊያስበው የሚችለው ሐሳብ። የወንድማቸው ጽሑፍ እሳቸው ጋ ከመጣ የእሳቸው የት ይሄዳል? ወንድማቸው ጋ ነዋ! አንድ ዕቃ ተሳስቶ ሲወጣ በቦታው ሌላው ተሳስቶ ይገባል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅያሬ ሲሆን ያዩት እንዲሁ ነው። ኪቦርዳቸውን ወደ ደረታቸው ሳቡና፣ ዓይናቸውን ከጣቶቻቸው ሳያነሱ፣ በሁለት ጣት ይለቅሙ ጀመር።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ነኝ፣ ጋሼ። አትሂድ። ገመዱ ጠፍቶ አያውቅም። አንተ ከነገመዱ ነው ያመጣኸው፣ ነቅዬ መሳቢያ የከተትኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ሳምንት አግኝቼዋለሁ። አፍሬ ዝም አልኩ። ሰው ፊት ሌባ አስመስዬህ እኔ የታመንኩ ሆኜ ተቀመጥኩ። ኪሴን የምዳብሰው ቃል ጠፍቶኝ ነው። እናታችን ብትኖር በጥፊ ነበር የምትለኝ። ማስጠንቀቂያውን ከፋይልህ አስወጣዋለሁ። ይቅር በለኝ። ምሳ ያለ አንተ አይጣፍጠኝም። አንድ ነገር መልስልኝ።»

ቀና ብለው ሞኒተራቸውን ማየት ጀመሩ። ትንሽ ቆይቶ መልስ መጣ።

«እባክዎ ይፍጠኑ፣ ሰዓቱ እየደረሰ ነው። ደብዳቤዬን ብቻ አትመው ይስጡልኝ። ከእርስዎ ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ጋሽ ዓይነቱ ሁለት ጊዜ አነበቡት። «ከእርስዎ!» ማን መሆናቸውን ነግረውት እንኳ አዝለው ያሳደጉት ልጅ አንቱ አላቸው! ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር። «ሌላ ነገር አልፈልግም» የሚለው ከእሱ በኋላ ሲመጣማ ጭራሽ አንጀታቸውን ቆረጠው። የደብዳቤውን ደብዛ ሊያጠፉ ይችላሉ፤ ማን ያውቃል? ግን አንድ ጊዜ ዋሽተው ያገኙት ነገር ይኸው ነው። ከመደርደሪያ አንድ አሮጌ ባለ ገመድ ማውስ አውርደው ሰኩና የማተሚያዋን ቁልፍ ተጫኑ። ፕሪንተሩ ጥርሱን አፋጭቶ ወረቀቱን ተፋ።

አዳራሹ ከንብረት ክፍሉ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። ጋሽ ዓይነቱ ደብዳቤውን ይዘው ቀስ ብለው በሩን ከፈቱ። ሠላሳ ሰው ተቀምጧል። ሁሉም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ጸሐፊዋ ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ፖሊስ እንደያዘው ሰው፣ «እኔ አይደለሁም፣ አልነካሁም» ትላለች። ሰው ሁሉ እንዲያየው ተብሎ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ የተለቀቀው ቃለ ጉባኤ እንዲህ ይላል፤ «አጀንዳ አንድ፦ የንብረት አያያዝ።» ከሥሩ፣ ፊደሉ እያንዳንዱ ቡጢ የሚያህል ሆኖ፣ «አንተ ልጅ፣ እኔ ነኝ፣ ጋሼ» ብሎ ይጀምራል።

ጋሽ ዓይነቱ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው ደስ ባላቸው። ሥራ አስኪያጁ መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል። ኦዲተሩ፣ ያ ጠዋት ጠረጴዛ ሲደበድብ የነበረው፣ በከረባቱ ዓይኑን ያብሳል። ታዲያ ወንድማቸው ምንም አላነበበም ማለት ነው! አንቱ ያለውም ሌላ ሰው መስሎት ነው! ይህን አስበው ገና ሳይጨርሱ ከኋላቸው የእርምጃ ድምፅ ሰሙ። ወንድማቸው ሊፈርም መጥቷል።

ወንድምየው በሩ ላይ ቆመ። መጀመሪያ ጋሽ ዓይነቱን አየ፤ ቀጥሎ ሠላሳውን ሰው አየ፤ ከዚያ ግድግዳውን።

የአስተዳደር ኃላፊዋ ተነስታ መጣች። «ደብዳቤው ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው» አሉ ጋሽ ዓይነቱ፣ ወረቀቱን እየዘረጉ። «ጊዜው እንዳያልፍበት ብዬ ነው።»

ተቀብላ አየችውና እስክሪብቶ ለወንድምየው ዘረጋች። «ለስድስት ስድስት ጉዳይ ነው። የምትፈርም ከሆነ አሁን ፈርም፤ ካለፈ በኋላ እስከሚመጣው ዓመት አልቀበልም።»

«ቆይ እስቲ» አለ ወንድምየው፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል። «እያነበብኩ ነው።»

ጽሑፉ ከአሥር መስመር አይበልጥም። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከላይ እስከ ታች ወረደና እንደገና ከላይ ጀመረ።  ጋሽ ዓይነቱ ሊነኩት እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት።

«ለስድስት ሁለት ጉዳይ» አለች ኃላፊዋ። «ትፈርማለህ ወይስ ምንድን ነው?»

«አልጨረስኩም አልኩ እኮ!»

 የአዳራሹ ሰዓት ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ጸሐፊዋን በምልክት «እንዳታጠፊው» አላት። ረጅሙ የሰዓቱ እጅ አሥራ ሁለት ቁጥርን ነካ፣ አለፈም። ወንድምየው አሁንም ግድግዳው ላይ እንደፈጠጠ ነው። አንድ ደቂቃ፣ ሌላ አንድ ደቂቃ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ጠረገና ዞር አለ።

«ጨረስኩ» አለ።

«ሰዓቱ አልፏል እኮ!» አለች ኃላፊዋ፣ እስክሪብቶውን ወደ ኪሷ እየመለሰች።

«ምን ይደረግ እመቤቴ» አለ ወንድምየው። «ጋሼ ሲጽፍ ያስረዝማል።»