የጋሼ ፍሬን አልጋ

«ጋሼ ፍሬን» ብለው ስም ያወጡለት የሥራ ጓደኞቹ ናቸው። ዶሮ መንገድ ብታቋርጥ ፍሬን፣ ቁልቁለቱ ገና ሳይጀምር ፍሬን! እሱ ግን መች ይከፋዋል? «እናንተ ፈጣኖቹ የት ደረሳችሁ?» ብሎ አፋቸውን ያስይዛቸዋል። ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ የስንቱን ከተማ ሆቴል ከደጅ ያውቀዋል፤ ገብቶ መተኛት ግን የማይታሰብ ነው። አዳሩ ጋቢና ውስጥ ነበር፤ አበሉ ለአንድ ልጁ ትምህርት ይቀመጣል።

ልጅቱ ይህን የደረሰችበት በገዛ ዓይኗ ነው። ተማሪ ሳለች ሊጠይቃት በመጣ ቁጥር «ሆቴል ይዣለሁ» ይላት ነበር። አንድ ማለዳ ግን ጉልበቱን አጥፎ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ያዘችው። አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ «ሥራ ስይዝ ሆቴል አስተኛሃለሁ። ያኔ ብትዋሸኝ ግን አልምርህም!» አለችው።

ይኸው ቀኑ ደረሰ። ልጅቱ የመድኃኒት ባለሙያ ሆነች፤ አባትም ጡረታ ወጥቶ በአውቶቡስ ሊያያት መጣ። የምትኖረው ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በአንድ ክፍል ስለሆነ፣ አንዲት አነስተኛ ሆቴል ውስጥ ለሦስት ሌሊት ክፍል ያዘችለት። በመጀመሪያው ሌሊት እንዴት ያለ እንቅልፍ ተኛ መሰላችሁ! ሲነቃ ፀሐይዋ አልጋው ድረስ ገብታለች። በጀርባው እንደተንጋለለ ጣሪያውን አየና ብቻውን ሳቀ።

ከዚያ ተነሣ፤ ልማድም አብሮት ተነሣ። ጋቢና ውስጥ የተኛ ሹፌር ዱካ አይተውም። አንሶላውን ወጠረ፣ ብርድ ልብሱን አስተካከለ፣ ትራሱን ደበደበ፣ መታጠቢያውን ወለወለ። «ሹፌር ዕቃውን ጥሎ አይወርድም» ብሎ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ወረደ። ቁልፉን ለእንግዳ ተቀባዩ ሰጥቶ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደህና ሁኑ!» አለና ወጣ።

የሄደው ልጁ መድኃኒት ቤት ነው። ምንም ሳያመው ሰልፍ ያዘ። ተራው ሲደርስ፣ ነጭ ጋውን የለበሰችው ልጁ ሳቋን አፍና፣ «ምን ልታዘዝ አባባ?» አለችው። እሱም ወደ ሰልፈኛው ዞሮ «የኔ ናት!» አለ። ማን ጠየቀህ? ግን ደረቱ ውስጥ አልያዝ አለው፤ ምን ያድርግ!

ከሥራ ስትወጣ ክፍሉን ሊያሳያት አብረው ሄዱ። እንግዳ ተቀባዩን በቦታው ስላላገኙት በቀጥታ ወጥተው በሩን ሲሞክሩት፣ ከውስጥ የከፈተው ግን ፎጣ ትከሻው ላይ የጣለ ወፍራም ነጋዴ ነው።

እንግዳ ተቀባዩ እየሮጠ መጣ። «አባባ፣ የሄዱ መስሎን እኮ ነው! ቦርሳዎን ይዘው፣ ቁልፉን መልሰው...» ክፍል የምታጸዳውም ሴት ከኮሪደሩ ጫፍ፣ «አልጋው ትናንት እንዳነጠፍኩት ነው ያገኘሁት። ሰው አልተኛበትም» አለች።

ልጅቱ ቀስ ብላ ወደ አባቷ ዞረች። ስለ ክፍሉ ግድ አልነበራትም። «አባዬ፣ የት አደርክ?»

«እዚሁ ነዋ!»

«አትዋሸኝ! ከሹፌር ጓደኞችህ የአንዱ መኪና ውስጥ ነው ያደርከው።» ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ጋሼ ፍሬን ክው አለ። ክፍሉን ቢወስዱበት ምንም አይደል፤ ልጁ የሰጠችውን አልጋ እንደናቀ ስትቆጥረው ግን እንዴት ይቻላል? ያን ጊዜ ጣሪያው ትዝ አለው።

«ወንድሜ፣ በሞቴ» አለው ነጋዴውን፤ «አልጋው ላይ በጀርባህ ተኛ። ከቆምክ መብራቱ ይጋርድብሃል፤ ከተኛህ ግን ከትራሱ በላይ ውሃ የፈሰሰበት ምልክት አለ። ክብ ነው፤ የመኪና መሪ ነው የሚመስለው።»

ነጋዴው ግራ እየገባው ሄዶ ተጋደመ። አልጋው ሲጢጥ አለ። ሁሉም በሩ ላይ ተደርድረው አንገታቸውን አሰገጉ።

«ኧረ መሪ ነው!» ሲል ጮኸ ነጋዴው። «ከነክላክሱ!»

ልጅቱ እየሳቀችም እያለቀሰችም አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። «ተኝተሃል! አባዬ፣ እውነትም ተኝተሃል!»

«ፀሐይ እስክትወጣ! እኔ! ልጄ ባስተኛችኝ አልጋ ላይ ንጉሥ ቢመጣ አልነሣም ነበር» አላት። ነጋዴውም ሻንጣውን አንሥቶ፣ «አባት፣ መሪውን ይረከቡ!» ብሎ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሼ ፍሬን ከአልጋው ሲወርድ እጁ ሳይጠይቀው አንሶላውን ያዘ። ፍሬን ያዘ! ለቀቀው። በር ድረስ ሄዶ ሁለቴ ተመለሰ፤ የተጨማደደው አንሶላ አንጀቱን በላው። በመጨረሻ ጨክኖ ብርድ ልብሱን እንደ ተገለበጠ ተወው፣ ቦርሳውንም ወንበር ላይ አስቀምጦ ቆለፈና ወጣ። ደረጃው ላይ ያገኛትን የጽዳት ሠራተኛ፣ «ዛሬ ሂጂና እዪው!» አላት እየሳቀ።

ልጁ የሆቴሉ በር ላይ ትጠብቀዋለች። ባዶ እጁን እያወዛወዘ ሲወርድ ስታየው ደነገጠች።

«አባዬ፣ ቦርሳህስ?»

«የት ይሆናል?» አላት፤ «ክፍሌ ነዋ!»