ጥቁሩን ብቻ ፍሩ

መምህር ሰይፈሥላሴን ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንቱታው ካለቀበት ሰነበተ። ቃሊቲ ያለው ኮሌጃችን የቪአር መነጽር ከውጭ ካስመጣ ወዲህ ሰውዬው አልቻል ብሏል። የኤሌክትሪክ ወርክሾፑን ቆልፎ ጨዋታ ያስጫውተናል። መነጽሩን አጥልቀን የሚያሳየንን የውሸት ሽቦ አየር ላይ እንቀጥላለን፤ የተሳሳተ ሽቦ የነካ ይሞታል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይጀምራል። ውጤታችንም የሚያዘው ከዚያው ነው።

እኔን ጨዋታው ጣለኝ። እዚያ ውስጥ ኮረንቲ ያለው ጥቁሩ ሽቦ ላይ ብቻ ነው፤ የሠሩት ሰዎች አገር እንደዚያ ነዋ! እኔ ግን አቃቂ በሰቃ ያለ ፋብሪካ ለአፓረንትሺፕ፣ ለሥራ ልምምድ፣ ስወጣ ኮረንቲው በቀዩ እንደሚሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። የወርክሾፓችንም መስመር እንደዚያው ነው። ይህን ብነግረው፣ «ዮዲ፣ ለስንፍናሽ ሰበብ አትፈልጊ። ማሽን አይዋሽም» አለኝ፣ በክፍሉ ሁሉ ፊት። ይህን ኮርስ ካላለፍኩ ዘንድሮ አልመረቅም። እቤት ለምርቃቴ በግ እየቀለቡ ነው።

ዛሬ ወርክሾፑን ከፈተው። ከጨዋታው የተማርነውን በእውነተኛው ፓነል ላይ ሊያሳየን ነው።

«አንቺ ከጠረጴዛው ራቂ፤ እዚያ ዋናው ማብሪያ ጋ ቁሚ» አለኝ። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። «ጥቁሩን ብቻ ፍሩ!»

ባዶ እጁ ወደ ቀዩ ሄደ።

«ቲቸር፣ መጀመሪያ በቴስተር ይሞክሩት!» ብዬ ጮህኩ።

«አፍሽን ዝጊ!»

ይንካው አልኩ በልቤ። እውነቴን ነው፣ እንዲነካው ፈለግኩ። እጄ ግን ቀደመኝና ማብሪያውን ወደ ታች መታሁት።

አምፖሎቹ ጠፉ። «ኤጭ! መብራት ሄደ!» አለ ክፍሉ በሙሉ። በየቀኑ የሚሄድ መብራት ነው፣ ማን ይጠረጥራል? በመስኮቱ ብርሃን ሰይፈሥላሴ ቀዩን ሽቦ በሁለት ጣቱ ይዞ ይታያል።

«መብራቱ ባይሄድም ያው ነበር» አለ ሳይለቀው። «ዮዲ ግን ቀዩን ፈርታ ቀረች። በይ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ያድርስሽ።»

ክፍሉ ሳቀ። ደሜ ፈላ።

«መብራት አልሄደም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ፣ እጄን ማብሪያው ላይ እንዳደረግኩ። «ያው ከሆነማ እንዳይለቁት። ላብራልዎት?»

ሰይፈሥላሴ ዞረ። እጄን አየ፣ ሽቦውን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ለቀቀው።

«ተይ» አለኝ። ድምፁ ለዘበ። «ስለ ውጤትሽ... ነገ ቢሮ ነይ።»

«አልመጣም» አልኩት። «የጣሉኝ እነዚህ ፊት ነው፤ እዚሁ ያንሱኝ።»