የክንዱ ጢም

አቻምየለሽ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያመጣችውን የተፈጨ በርበሬ ባንኮኒው ላይ መፍታት ስትጀምር፣ ባለሱቁ አቶ ዘሩ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሸሸት አደረጉ።

«ምን ልትሠሪበት ነው እሱን?»

«ልመርጥበት ነዋ ጋሼ።»

አቶ ዘሩ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር፣ ባጃጅና የፈረስ ጋሪ በሚጋፉበት ጥግ ላይ፣ ሚስማርና ቀለም፣ የብየዳ መነጽርና የእጅ ጓንት የሚሸጡ ሰው ናቸው። ግድግዳቸው ላይ የግድቡ ቦንድ ማስታወቂያ ፀሐይ አደብዝዞት ተለጥፏል። ብረት አንኳኩቶ የሚገዛ፣ ገመድ በጥርሱ ነክሶ የሚገዛ ሁሉ አይተዋል፤ ዕቃ በበርበሬ የሚፈትን ግን እስከዛሬ አልገጠማቸውም። ፊት ለፊቷ ሦስት ዓይነት ማስክ ደርድረውላታል። አንዱ ሐኪም ቤት የሚታየው ስስ ነው። ሌላው እንደ ስኒ የጎበጠ፣ ባለ አንድ ላስቲክ። ሦስተኛው ወፈር ያለ ሆኖ በሁለት ላስቲክ ከራስ ኋላ ይጠብቃል፤ ከፊቱ ትንፋሽ ማስወጫ አለው፤ ከውስጥ ዙሪያውን ለስላሳ ጎማ ተለጥፎበታል።

«ይኼኛው ብረት ለሚበይድና ድንጋይ ለሚፈልጥ ነው የሚመጣው» አሉ ሦስተኛውን እየነኩ። «የላመውን ብናኝ ሁሉ ያስቀራል ይላል ካርቶኑ።»

«ካርቶንማ ምን የማይለው አለ!»

ስሱን አጠለቀችና ከበርበሬው ቆንጠር አድርጋ መዳፏ ላይ በትና ሳበች። ወዲያው ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አስነጠሳት። አውልቃ ወደ ጎን ገፋችው። ባለ ስኒው ትንሽ ታገሠላት፤ ነገር ግን በአፍንጫዋ ግራና ቀኝ፣ አጥንቱ ባለበት በኩል ሾልኮ ገባ። እሱንም ገፋችው። ወፍራሙን ስታጠልቅ አቶ ዘሩ ላስቲኮቹን አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እንድታደርግ፣ አፍንጫው ላይ ያለችውን ቀጭን ብረትም ቆንጥጣ እንድታጣብቃት ነገሯት። መዳፏን አስጠግታ ሳበች። ምንም የለም። ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ደገመች፤ የተሰማት የገዛ ትንፋሿ ሙቀት ብቻ ነው። ይልቅስ ያስነጠሱት አቶ ዘሩ ሆኑ፤ አንዴ ጀምረው ማቆም አቃታቸው።

«ይማርዎ!» አለች፤ ድምፅዋ ከጋን ውስጥ የሚመጣ ይመስል ነበር።

«ያኑርሽ! ኧረ ቋጥሪልኝ ይኼን ጉድ!»

የመረጠችውን በካርቶን ሙሉ ስታሳሽግ ጎኑን አገላብጣ አየችው። ትናንሽ ሥዕሎች ነበሩበት፤ ከእነዚያ አንዱ ጢማም ሰው ነው፤ በቀይ መስመር ተሰርዟል።

«ይኼ ደግሞ ምን ማለት ይሆን?»

«እንጃ፤ ለቄስ አይሸጥም ይሆናላ!» ብለው ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። «ይልቅ ስሚኝ። ይኼ የሚጣል ነው። ሲቆሽሽና ትንፋሽ ሲያከብድ ይጣላል። አጥባችሁ ገመድ ላይ እንዳታሰጡት፤ የኛን ሰው ጠባይ አውቃለሁ።»

ወደ ቡሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። ረዳቱ ከላይ ልጫነው ቢላት እምቢ አለች።

የበርበሬ ወፍጮው ቡሬ ገበያው ጀርባ ነው። ያቋቋመው የባሏ የክንዱ ታናሽ ወንድም አንዷለም ነበር። አንዷለም ብናኙን የሚከላከለው በረጠበ ጨርቅ ሲሆን፣ እሱንም ሰው ሲመጣ ያወልቀው ነበር። ቡሬ ላይ ኖሮ በርበሬ አስነጠሰኝ ማለት ለእሱ ነውር ነበር። «የቡሬ ሰው በርበሬ ይፈራል እንዴ?» እያለ ሲስቅ፣ ሲስልም፣ ባለፈው መጋቢት ሞተ። ክንዱ ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ወፍጮውን ተረከበ። ዘንድሮ የጥር ሠርግ ሲደራረብና አገሩ ሁሉ በርበሬ አስፈጪ ሲሆን፣ እሱንም ያ ሳል ጀመረው፤ ደረቅ ሆኖ ተነሥቶ በፉጨት የሚያልቅ ሳል። አቻምየለሽ ሳሉን ታውቀዋለች፤ አንድ ዓመት ሙሉ ከአጎራባች ቤት ሰምታዋለች። ፍኖተ ሰላም ወስዳ ስታስመረምረው ሐኪሙ ነገሩን አላድበሰበሰም። ወይ ወፍጮውን ተው፣ ወይ ብናኝ የማይሾልክበት ማስክ አድርግ፤ እንደዚህ ሆነህ ሌላ በጋ ከደገምህ ደረትህ አይመለስም አለው። ወፍጮውን መተው ደግሞ ለክንዱ ወንድሙን ሁለተኛ መቅበር ነው። ስለዚህ መተውን አላነሣችበትም፤ ማስኩን ራሷ ፈትና ልትመርጥ በማለዳ ተነሥታ ሄደች።

ስትመለስ ወረፋው ደጅ ድረስ ወጥቶ አገኘችው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚል የለም፤ ከተጀመረ ሲማማሩ መዋል ነውና ሁሉም በየራሱ ያስነጥሳል። ክንዱ ሞተሩን አጥፍቶ ወጣ። ጥቁር ጢሙ በርበሬ ጠጥቶ ቀልቷል። ጢሙ የሐዘን ነው። አንዷለም በተቀበረ ዕለት፣ በእናቱ ፊት፣ «ሙት ዓመቱ ሳይወጣ፣ ወይም እናቴ ተላጭ ሳይሉኝ፣ ፊቴን ምላጭ አይነካውም» ብሎ ነበር፤ እንዳለውም ጢሙ ጉሮሮውን አልፎ ወርዷል።

ላስቲኩን እያጠበቀች፣ ብረቷን እየቆነጠጠች አጠለቀችለት። ክንዱ በዓይኑ ሳቀባትና ሞተሩን አስነሣ። በርበሬውን ወደ ወፍጮው አፍ ገለበጠ። ብዙም ሳይቆይ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ከዚያ ሳሉ መጣ። ግድግዳ ተደግፎ ማስኩን ሲያወልቀው ውስጡ ዙሪያውን ቀልቷል።

«ሸወዱሽ» አለ ትንፋሹን ሲያገኝ። «አይ የፍኖተ ሰላም ነጋዴ!»

ከካርቶኑ ሌላ አዲስ አውጥታ አጠለቀችና ወፍጮው አፍ ላይ ራሷ ቆመች። ቀዩ ብናኝ ቅንድቧ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ቆመች። አላሳላትም። ዞራ ባሏን አየችው። ጎማው የሚያርፍበትን የፊቱን ዙሪያ በጣቷ ተከተለች፤ ጣቷ ቆዳ ፈልጎ ጠጉር ውስጥ ሰመጠ። ይኼኔ ካርቶኑ ላይ የተሰረዘው ጢማም ሰው ትዝ አላት። የሳቀችው ሳቅ አሁን አንገበገባት። ካርቶኑን አምጥታ ሥዕሉን አሳየችው።

«ማስኩ አይደለም ክንዱ። በጢሙ ሥር ነው የሚሾልከው።»

ክንዱ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አየው። «ገባኝ» አለ።

«እና?»

«ሙት ዓመቱ መጋቢት ነው።»

«እስከ መጋቢት ጥርም የካቲትም አለ። ሐኪሙ ያለውን ሰምተሃል።»

«እናቴን ምን ልበላቸው? ሐዘኑ ከበደኝ ልበል? ልጃቸው እንዳልተረሳ የሚያውቁት በዚህ ጢም ነው።» የአንዷለምን ጨርቅ ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ውኃ ነከረውና አፍንጫው ላይ አስሮ ወደ ሞተሩ ተመለሰ።

አቻምየለሽ ተናደደችበት፤ በዚያው ልክም ወደደችው። በቃሉ የሚቆም ሰው ማግባት እንዲህ ያለ ጣጣ አለው። የተናገረውን የማያጥፍ መሆኑን አይታ ነው የወደደችው፤ አሁን ደግሞ ያው አለማጠፉ ሊገድልባት ነው። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣችና ማንኩሳ የምትሄድ መኪና ተሳፈረች።

አማቷ እማማ እንቁ ማንኩሳ አጠገብ ገጠር ነው የሚኖሩት። አንዷለም ከሞተ ወዲህ ወፍጮ ቤቱን ረግጠውት አያውቁም፤ የልጃቸው ወፍጮ እያለ በርበሬያቸውን በሙቀጫ ይወቅጣሉ። አቻምየለሽ ስትደርስም እየወቀጡ አገኘቻቸው። መንገድ ላይ የምትለውን ስታሰናዳ ነበር የመጣችው። ጥቁር ነጠላቸውን ስታይ ግን ያሰናዳችው ሁሉ ጠፋባት። ምራት ሄዳ አማቷን «ልጅዎ ሐዘኑን ይጣል» የምትልበት አፍ ከወዴት ይመጣል?

«እማማ፣ አንድ ጊዜ ወፍጮ ቤት ድረስ ይምጡልኝ።»

«እዚያ ቤት ምን አለኝ?»

«ምንም አይሥሩልኝ። ቆመው ይዩልኝ ብቻ።»

እማማ እንቁ ዘነዘናውን አቆሙ። የምራታቸውን ፊት፣ ቅንድቧ ላይ የቀረውን ቀይ ብናኝ አዩ።

«ክንዱን ያስለዋል?» አሉ።

«ያስለዋል እማማ።»

ዘነዘናውን ሙቀጫው ላይ አጋድመው በትራቸውን አነሡ።

ወፍጮ ቤቱ ሲደርሱ ወረፋ የያዘው ሁሉ ብድግ አለላቸው። ክንዱ ከውስጥ አይቷቸው ሞተሩን ሊያጠፋ ሲንደረደር፣ በበትራቸው ተወው አሉት። አቻምየለሽ አንድ ማስክ አውጥታ በሻሻቸው ላይ አጠለቀችላቸው፤ ብረቷንም አፍንጫቸው ላይ በቀስታ ቆነጠጠች። እማማ እንቁ አንዷለም ይቆምበት ወደነበረው ቦታ ሄዱ። ወፍጮው ይጮኻል፤ በርበሬው ይወርዳል፤ ቀዩ ብናኝ ጥቁር ነጠላቸውን እያለበሰው ሄደ። አላሳላቸውም። አንድ ጊዜ ወደ አቻምየለሽ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። የወደዱት መሰላት።

ከዚያ ሁለቱን ላስቲክ በገዛ እጃቸው አውልቀው፣ ማስኩን በመዳፋቸው ይዘው፣ አፋቸውን ከፍተው ሳቡ።

ያ አሮጊት ሰውነት እጥፍ ብሎ በትሩ ላይ ወደቀ። ክንዱ ሞተሩን አጠፋ፤ አቻምየለሽ ደግፋቸው ወደ በሩ ልትጎትታቸው ብትል እግራቸውን ተከሉ። እየሳሉ፣ እንባቸው እየወረደ፣ እንደገና ሳቡት። በር ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ።

«እማ፣ ይውጡ! ምን ሆነዋል?» አለ ክንዱ።

«አንዷለም ሲስብ የኖረው ይኼን ነው?»

ሳላቸው እስኪሰክን ቆዩና መዳፋቸው ላይ ያለውን ማስክ አዩት።

«ታዲያ ይኼ እያለልህ ጨርቅ የምታስረው ለምንድን ነው?»

ክንዱ አቀረቀረ። አቻምየለሽ ግን አማቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ከፊቱ ጋር አልጣበቅ ብሎ ነው እማማ» አለች፤ እዚያው አቆመች።

እማማ እንቁ ማስኩን አዩ። የጎማውን ዙሪያ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ፊት ሄደ፣ ወደ ቀላው ጢም፣ እዚያም ብዙ ቆየ። አቻምየለሽ ፈራች፤ የረገሟት እንደሆነስ? እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው ጢሙን ከሥሩ ያዙት፤ ሲለቁት መዳፋቸው በርበሬ ሆነ።

«ለወንድምህ አርባውን አውጥቻለሁ። መጋቢት ብደርስ ሙት ዓመቱን አወጣለሁ። ያንተን ግን አታስወጣኝ።»

«ቃል ገብቼ ነበር እኮ...»

«እናቴ ሳይሉኝ አላልህም? ይኸው አልሁህ።» ወደ አቻምየለሽ ዞሩ። «ምላጭ አምጪ።»

ከወፍጮ ቤቱ ጓሮ ክንዱን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ አስቀመጡት። አቻምየለሽ ውኃና ሳሙና ያዘች። በመጀመሪያ እማማ እንቁ በመቀስ አሳጠሩት፤ የወደቀውን ሁሉ በነጠላቸው ጫፍ እየተቀበሉ። ከዚያ ምላጩን አነሡ። በዚህ አገር ስንት ወንድ ተፎክሮለታል፤ የልጇን ሐዘን በገዛ እጇ ከልጇ ፊት ላይ ለምታነሣ እናት ግን ፉከራ የለም። አቻምየለሽ ውኃውን እንደያዘች በልቧ ፎከረችላቸው።

ጉንጩ ወጣ። ከንፈሩ ወጣ። አገጩ ላይ ሲደርሱ እማማ እንቁ እጃቸው ቆመ። ከጢሙ ሥር የወጣው ፊት አንዷለም ነበር፤ ያው ስርጉድ ያለ አገጭ፣ ያው ከሳቅ በፊት የሚንቀሳቀስ ከንፈር። ወንድማማቾቹ ይህን ያህል እንደሚመሳሰሉ አቻምየለሽ ልብ ብላ አታውቅም ነበር።

«ምነው እማ?» አለ ክንዱ።

«ምንም። አትናገር፣ እቆርጥሃለሁ።»

ሲጨርሱ ፊቱን በነጠላቸው ጠረጉለት፤ ከሚያስፈልገው በላይም ቆይተው ጠረጉት። ክንዱ ጉልበታቸውን ሳመ። አቻምየለሽ አዲስ ማስክ አጠለቀችለት፤ ጣቷን በጎማው ዙሪያ አዞረች፤ የሚገባበት ቀዳዳ አጣች። ወረፋው እየጠበቀ ነውና ገብቶ ሞተሩን አስነሣ።

ሁለቱ ሴቶች ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ። እማማ እንቁ ጠጉሩን የቋጠሩበትን የነጠላ ጫፍ በእጃቸው ይዘዋል።

«ፊቱን አሁን ገና ሳየው ሸፈነው» አሉ።

«ሲመሽ ያወልቀዋል እማማ።»

እማማ እንቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ውስጥ ጥለው ያዳምጡ ጀመር። ሞተሩ ይጮኻል፣ ድንጋዩ ይፈጫል፣ ከዚያ ሌላ የሚሰማ ነገር የለም። ድንገት አንድ ድምፅ ሲፈነዳ ሁለቱም እኩል ደንግጠው ወደ በሩ ዞሩ። ከወረፋው አንድ ሽማግሌ ነበሩ ያስነጠሱት።

የወፍጮ ቤቱን ደንብ የማያውቁት እማማ እንቁ፣ «ይማርዎ» አሏቸው።