በመዝሙር የጀመርነው ቅስቀሳ

ኩማን ምሥራቅ የሚባል ሰፈር ላይ በድንጋይ ጥርሱን አራገፉት። ለከተማ ምክር ቤት ያቀረብነው እጩ እሱ ነው። ፓርቲያችን ትንሽ ናት፤ ሞንታርቦውንም ከቤተክርስቲያን ተውሰን ነው ባጃጅ ላይ የጫንነው። ሰው እንዲሰበሰብ ብለን መዝሙር ከፈትን። ጥፋታችን እሱ ነው። ሰፈርተኛው የወንጌል ኮንፈረንስ መስሎት መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወጣ። ኩማ "እኛን ምረጡ" ሲል አንድ ጎረምሳ፣ "በጌታ ስም ትነግዳለህ፣ አንተ ሌባ!" ብሎ ድንጋይ ለቀቀበት።

ኩማ ወደቀ። "ወንድሜ፣ ይቅርታ" አለ፣ ደም እየተፋ።

"ወንድሜ ይለኛል እንዴ ደግሞ!" ጎረምሳው ደረቱ ላይ ወጣበት። ጭንቅላቱን ሊፈጠፍጠው ትልቅ ድንጋይ ሲያነሳ የሰፈሩ ሽማግሌዎች እንኳን ቆመው ያያሉ።

እጁን ነከስኩት። ድንጋዩን እስኪጥል አልለቀቅኩትም።